የአደባባይ ተውኔት ጥበቃ እንጂ ክልከላ አይገባውም

የጎዳና ቴአትር ተዋናዮች ሕዝቡ ወደሚሠራበትና ወደሚመላለስበት ስፍራ ራሳቸው ሄደው፣ ያለ መድረክ፣ ያለ መጋረጃና ያለ መግቢያ ዋጋ፣ በተመልካች ክብ መካከል የሚያቀርቡት አጭር ተውኔት ነው። በሕንድ «ኑካድ ናታክ» በመባል የሚታወቀው ይህ ጥበብ ለሠራተኛው አቤቱታ ሰላማዊ አንደበት ሆኖ የኖረበት ታሪክ፣ መንግሥታት የአደባባይ ተውኔትን በምን ዓይነት ሕግ ሊያስተናግዱት እንደሚገባ ለመፍረድ በቂ ማስረጃ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በዴልሂ የተቋቋመው ጃና ናትያ ማንች የተባለው ቡድን መጀመሪያ ሰፊ ዝግጅት የሚጠይቁ ረጃጅም ተውኔቶችን ያቀርብ ነበር፤ ሆኖም መሠረታዊ መብቶች ታግደው ከቆዩበት፣ ከ1975 እስከ 1977 ከዘለቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት ወጪውን መሸፈን ስላቃታቸው፣ በጥቂት ተዋናዮች የሚሠሩ አጫጭር ተውኔቶችን ይዞ ወደ ፋብሪካ በሮች ወጣ። በ1978 የቀረበው «ማሽን» የብስክሌት ማቆሚያና የሻይ መጠጫ ቦታ የጠየቁ 6 ሠራተኞች በፋብሪካ ጠባቂዎች ጥይት መገደላቸውን መነሻ ያደረገ ሲሆን፣ ተዋናዮቹ በገዛ አካላቸው የሚንቀሳቀስ ማሽን ሠርተው ድንገት ሲያቆሙት፣ ሠራተኛው እጁን ካነሣ ምርት እንደሚቆም ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ሩብ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ተውኔት ረጅም ንግግር የማያስጨብጠውን ያስጨበጠው፣ ተመልካቹ የራሱን ኑሮ በራሱ ደጃፍ ስላየ ነው፤ የጥበቡ ብርታትም አደጋውም ከዚህ ቅርበት ይመነጫል።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1989 ቡድኑ በዴልሂ አቅራቢያ፣ በሳሂባባድ ጃንዳፑር በተባለ የሠራተኞች መንደር ስለ ደመወዝ ጥያቄ የሚናገረውን «ሃላ ቦል» በማሳየት ላይ ሳለ፣ በአካባቢ ምርጫ የሚወዳደር አንድ ዕጩና ተከታዮቹ ጥቃት ከፈቱበት፤ አንድ ሠራተኛ ተገደለ፣ የቡድኑ መሪ ሳፍዳር ሃሽሚም በማግስቱ በ34 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ሞሎያሽሪና የቡድኑ አባላት ግን ጃንዋሪ 4 ቀን ወደዚያው ስፍራ ተመልሰው የተቋረጠውን ተውኔት ፈጸሙት፤ ለግድያ ከዚህ የበለጠ ሰላማዊና ጽኑ ምላሽ ማግኘት ያዳግታል። በአጥቂዎቹ ላይ ፍርድ የተሰጠው ከ14 ዓመታት በኋላ ነበር።

የጎዳና ቴአትር ሁከት ይቀሰቅሳል የሚሉ ባለሥልጣናት በየአገሩ አይጠፉም፤ በጃንዳፑር ግን ዱላውን የያዙት ተዋናዮቹ አልነበሩም። በመሆኑም የዚህ ጋዜጣ አቋም፣ በሰላም የሚቀርብ የአደባባይ ተውኔት ሐሳብን በነፃ የመግለጽ መብት አካል ነው የሚል ነው። መንገድ እንዳይዘጋ ሰዓትንና ቦታን አስቀድሞ እንዲያሳውቁ ተዋናዮችን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የተውኔቱን ጽሑፍ አስቀድሞ መርምሮ መፍቀድ ወይም መከልከል ግን ሳንሱር በመሆኑ ሊቀር ይገባል። ፖሊስም በስፍራው መገኘት ያለበት ተመልካቹን ለመበተን ሳይሆን ተዋናዩንና ተመልካቹን ከጥቃት ለመጠበቅ ሲሆን፣ ጥቃት ከደረሰም ተጎጂዎች ፍትሕ ለማግኘት 14 ዓመታት መጠበቅ የለባቸውም።