ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሳይጎብጥ በክኒን

ደብረ ታቦር ገበያ ውሎ የሚያውቅ ሰው ጀርባው የጎበጠ ልጅ አይቶ ያውቃል። አይቶም «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብሎ ያልፋል። ባለጌው ደግሞ ቅጽል ስም ያወጣለታል። እኛ ግን ማለፍ ሰልችቶናል!

የዚህ ጉብጠት አንዱ ዋና ምክንያት የአከርካሪ ቲቢ ነው። ተዋሲው በሳንባ ገብቶ፣ በደም ተጉዞ የአከርካሪን አጥንት ይበላል። የተበላው አጥንት ይደረመሳል፤ ጀርባም ይታጠፋል። በጊዜ ከተደረሰበት ለወራት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። ከዘገየ ግን ብሎንና ብረት ይመጣል። የታጠፈው ጀርባ ሳንባን ስለሚጫን ማደንዘዣው ራሱ ያሰጋል። ሕብለ ሰረሰር ከተጎዳ ደግሞ በእግሩ የገባ ልጅ ሽባ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ዶክተር ሪክ ሆድስ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እንዲህ የታጠፉ ልጆቻችንን ለኦፕራሲዮን ወደ ጋና ሲልኩ ኖረዋል። እዚያ ጉብጠቱ የጠናባቸው ልጆች ቢላዋ ሳይነካቸው በፊት ጭንቅላታቸው ላይ በሚታሰር ቀለበት አከርካሪያቸው ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሳባል። በአንድ ቀን ላቃናው ቢሉ ሕብለ ሰረሰሩ አይችለውማ! ምስጋናችን ከልብ ነው። ግን እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች የ«በፊት»ና የ«በኋላ» ፎቶ ጎን ለጎን አድርገን ስናጨበጭብ አንድ ጥያቄ እንረሳለን፦ ከ«በፊት» በፊት የት ነበርን?

«መሣሪያ የለም፣ በጀት የለም» ይሉናል። ልክ ነው፣ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት አንድ ወረቀት ነው። ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቅደድ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ በፊት ቆም ብሎ መጠየቅ ነው። በስምንት ከተሞች ሲሞከር ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ አውርዷል። ከስምንቱ አንዷ የታንዛንያዋ ገጠር ኢፋካራ ናት። ኢፋካራ የቻለችውን ደብረ ታቦር የማትችልበት ምክንያት ምንድን ነው? ወረቀቱን ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ በጅምላ ራይት የሚያደርግ ካለም፣ የሚያታልለው ተኝቶ ያመነውን ሰው ነው።

የአከርካሪ ኦፕራሲዮን ደኅንነት የሚጀምረው እንግዲህ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይደለም። ፋርታና ጋይንት ጤና ኬላ ላይ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሳምንታት ያለፈው የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ያለበትን ልጅ «ያድጋል፣ ይተወዋል» አትበሉት። ጠበል የሚወስደው ይውሰደው፤ ግን በዚያው መንገድ ጤና ጣቢያም ያስገባው። ክኒን የሚበቃውን ልጅ ለብረት ማድረስ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ የእኛ ቸልተኝነት ነው!