ዱላውማ አለን፤ ሜዳው የት አለ?

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ ለእኛ አገር ሰው እንቆቅልሽ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይለጋል፣ ሌላው ይሮጣል፣ የቀረው ቆሞ ያያል። በፊልም መሐል ብቅ ሲል «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው የሚያስጮኸው?» ብለን አልፈነዋል። ይሁንና ይኸው ጨዋታ በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በታይዋን፣ በኩባ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በቬኔዝዌላ እንደ እንጀራ የተለመደ ነው። ለመሆኑ እንዴት ገባላቸው? «አሜሪካ ጭና አራገፈችባቸው» የሚል ካለ ከታሪኩ የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ጃፓንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1872 ቶኪዮ ውስጥ ሆራስ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ መምህር ጨዋታውን ለተማሪዎቹ አሳየ። ሥር የሰደደውም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በ1915 የተጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር እስከ ዛሬ አገሩን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ይሰበስባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ጋር ሲተላለቁ እንኳ የጨዋታውን የእንግሊዝኛ ቃላት በራሳቸው ቋንቋ ለወጡ እንጂ «የጠላት ነው» ብለው ለዘለዓለም አልቀበሩትም። ውጤቱስ? በ2006፣ በ2009 እና በ2023 የዓለም ዋንጫውን ወሰዱ።

የኩባው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። አሜሪካ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች በ1860ዎቹ ዱላውንና ኳሱን ይዘው ገቡ። ገዢዋ ስፔን ነበረች። ስፔን የኮርማ ፍልሚያ እዩልኝ ስትል ወጣቱ ቤዝቦሉን መረጠ። በ1868 የነፃነቱ ጦርነት ሲፈነዳ ስፔን ቤዝቦሉን ጠረጠረችው፤ በ1869 ከለከለች። ገዢ ዱላ ይዞ የተሰበሰበ ወጣት መቼ ይወድና! ግን ምን ሆነ? ከጦርነቱ የሸሹ ኩባውያን ጨዋታውን ዶሚኒካን አደረሱት። ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ከሚጫወቱት 10 ሰዎች አንዱ ያህል ዶሚኒካዊ ነው። ክልከላው ጨዋታውን ሊገድል ቀርቶ ለጎረቤት አተረፈው።

ከሶማሊያ ወረራ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የእኛም ልጆች ኩባ ሄደው፣ በዚህ ጨዋታ መሐል አድገው፣ ተምረው ተመልሰዋል። ቤዝቦል ግን እዚህ አልበቀለም። አያስገርምም። ጨዋታ በትዝታ አይበቅልም። ሜዳ ይፈልጋል፣ ትምህርት ቤት ይፈልጋል፣ ሳይፈሩ መሰብሰብን ይፈልጋል። ኡጋንዳ ይህን ተረድታ ከልጆች ጀመረች። በ2011 ለዓለም የሕፃናት ውድድር ያለፉት ልጆቿ ቪዛ ተከልክለው ቀሩ፤ በ2012 ግን የሉጋዚ ልጆች አሜሪካ ገብተው ተጫወቱ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤዝቦል ይምጣልን ማለቴ አይደለም። እኛ የራሳችን ዱላና ኳስ አለን። ገና ይባላል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተሠራች ጥንግ፣ መንደር ከመንደር። እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ ከተጫወቱት የመጣ ነው ይባላል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሎሌው ጌታውን ቅልጥሙን ቢለው ቂም የለም። እንዲህ ያለ እኩልነት ያለበት ጨዋታ ስንት አገር አለው?

ታዲያ ገናችን የት ነው ያለው? በዓመት አንዴ የባህል ስፖርቶች ውድድር ሲደረግ ብቅ ይላል። ባለሥልጣን ይናገራል፣ ካሜራ ይቀርጻል፣ ከዚያ ዱላው ወደ መጋዘን። በተቀረው ጊዜ ማን ያስታውሰዋል?

ወደ ዘንዘልማ እንምጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር መውጫ ላይ ያለችው ዘንዘልማ የከተማዋ ሳተላይት ሆናለች። የእርሻ ኮሌጁ ግቢ እዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲውም የስፖርት አካዳሚ አለው። እውቀቱ በደጅ፣ ልጆቹ በሰፈር፣ ዱላው በየቤቱ። የሚያሰጋው ሜዳው ነው። ከተማ ሲሰፋ በፕላኑ ላይ መጀመሪያ የሚሸነሸነው «ባዶ ቦታ» የሚባለው ነው። ባዶ ነው ያለው ማነው? ከብት የሚሰማራበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ገና የሚለጉበት ቦታ ባዶ ይባላል እንዴ? ቦታ ለቤት ሠሪም ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን ለልጅ መሮጫ ያላስቀረ ከተማ ኋላ ፖሊስ ጣቢያ መጨመሩ አይቀርም።

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ በ2016 ጊዜው አለፈ፤ ፍርሃቱ ግን አልተሻረም። ዛሬ ሃያ ጎረምሳ ዱላ ይዞ ሜዳ ላይ ቢሰበሰብ እናቱ ናት ቀድማ «ግባ!» የምትለው። እሷ ላይ አልፈርድም። የምፈርደው ወጣትን ተሰብስቦ ሲያይ ጨዋታ ሳይሆን ሴራ የሚታየው ሹም ላይ ነው። የስፔን ሹማምንትም በ1869 እንዲሁ ነበር የታያቸው።

የምንጠይቀው ቤተ መንግሥት አይደለም። አንደኛ፣ የዘንዘልማና የመሰሎቿ የወል ሜዳ ከመሸንሸኑ በፊት አንድ የገና ሜዳ በካርታ ተከልሎ ይቅር። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች እርስ በርስ በየሳምንቱ ይጋጠሙ፤ ዳኝነቱን የስፖርት አካዳሚው ያስተምር። ሦስተኛ፣ ልጆች ለመጫወት ደብዳቤ አይጠየቁ። ለዚህ የውጭ ብድር አያስፈልግም።

በገና ሜዳ አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ሚናህን ለይ» ይባላል። ከማን ወገን እንደቆምክ ይታወቅ ማለት ነው። እኛም ለሹማምንቱ የምንለው ይህንኑ ነው። ከልጆቹ ጋር ናችሁ ወይስ ከሸንሻኙ? ሚናችሁን ለዩ!