ሰው እየሞተ ወፍ ይታጠባል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ የመስጂዳችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ደረሳ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ጓንት ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ጥቁር ዘይት የለበሰች የባሕር ወፍ ገንዳ ውስጥ ይዘው፣ በጥርስ ብሩሽ ዐይኗ አካባቢ ያለውን እድፍ ቀስ እያሉ ያስለቅቃሉ። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና "ሱብሐነላህ! የመን ውስጥ ሕጻን በረሃብ እየሞተ እነዚህ ወፍ ያጥባሉ!" አሉ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተስማማ። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ስለተስማማሁ አልነበረም፤ መልስ ስላልነበረኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ያገኘሁትን ሳነብ ከረምኩ። ይህን የምጽፈው እኚህን አባት ለመንቀፍ አይደለም። ንግግራቸው ከአዛኝ ልብ የወጣ ነው። ነገር ግን እዝነት እንደ አንድ ድስት ወጥ ናት፣ ለወፍ ከተጨለፈላት ለሰው ትጎድላለች ብለን ማሰባችን ስህተት ይመስለኛል። ምክንያቴን ልዘርዝር።

➤ ጥያቄው አዲስ አይደለም

በጥም ተቃጥሎ እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ፣ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አላህ ሥራውን ወደደለትና ማረው። ብዙ ጊዜ የምንዘለው ግን ከታሪኩ በኋላ ያለውን ነው። ሶሐቦች (ረ.ዐ.) ተገርመው "በእንስሳትም ምንዳ አለን እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ላለው ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር ምንዳ እንዳለ ነገሯቸው። እንግዲህ የበረንዳችን ጥያቄ ከ1,400 ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል ማለት ነው።

በሱረቱል አንዓምም አላህ (ሱ.ወ.) በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበሩ አእዋፍ እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። "ሱልጣኑል ዑለማ" የሚባሉት ኢማም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም "ቀዋዒዱል አሕካም" በተሰኘው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ያረጀና የታመመ እንስሳ ጥቅም ባይሰጥ እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን አስፍረዋል። ይህ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ ዓሊም ቃል ነው። ዛሬ ከአውሮፓ የመጣ ፋሽን አይደለም።

➤ ኬፕታውን፣ 2000

አንድ ምሳሌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2000 የብረት ማዕድን የጫነች "ትሬዠር" የተባለች መርከብ ከኬፕታውን አቅራቢያ፣ በሮቢን ደሴትና በዳሰን ደሴት መካከል ሰጠመች። ከማጠራቀሚያዋ ከ1,000 ቶን በላይ የመርከብ ነዳጅ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ሮቢን ደሴትን ብዙዎቻችን በማንዴላ እስር ነው የምናውቃት። ለሙስሊሞች ግን ሌላም ትዝታ አላት። ከእስያ ተግዘው የመጡት ዓሊም ቱዋን ጉሩ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታስረውባታል፤ ቁርኣንን ከቃላቸው የጻፉት በእስር ሳሉ ነው፤ ሲፈቱም ኬፕታውን ላይ መድረሳ ከፍተዋል።

በእነዚያ ሁለት ደሴቶች ላይ ታዲያ በደቡባዊ አፍሪካ ዳርቻ ብቻ የሚገኙት የአፍሪካ ፔንግዊኖች ይራባሉ። ወቅቱ ጫጩት የሚያሳድጉበት ነበር። 19,000 ያህል ፔንግዊኖች በዘይት ተነከሩ። ያልተነከሩ ሌሎች 19,500 ያህል ደግሞ ዘይቱ ወዳለበት ባሕር ምግብ ፍለጋ ሊገቡ ነበር።

የአገሩ ሰው ምን አደረገ? ሳንኮብ የተባለው የባሕር አእዋፍ ማዳኛ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ሶልት ሪቨር በሚባል ሠፈር ያለ አሮጌ መጋዘን ወደ ሆስፒታል ቀየረ። ከ12,000 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች መጡ። ያልተነከሩትን ደግሞ በሳጥን በሳጥን ጭነው 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ወዳለችው ፖርት ኤልዛቤት ወስደው ባሕር ላይ ለቀቋቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፔንግዊን ቤቱን አይረሳም፣ ዋኝቶ ይመለሳል፤ እሱ እስኪመለስ ባሕሩ ይጸዳል። ለሦስቱ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ተደረገላቸውና ጉዟቸውን ሕዝቡ ቀን በቀን ተከታተለ። እውነትም በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ደሴታቸው ገቡ። ይህን መንገድ ማን አስተማራቸው? ሱብሐነላህ!

ከተነከሩት 19,000 ውስጥ ዘጠና በመቶ ያህሉ ታጥበው፣ አገግመው ወደ ባሕር ተመለሱ። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ1994፣ "አፖሎ ሲ" የምትባል መርከብ በዚያው አካባቢ ሰጥማ 10,000 ያህል ፔንግዊኖች ሲነከሩ የዳኑት ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። በሁለቱም ጊዜ እዝነት ነበረ። በስድስት ዓመት የጨመረው ዕውቀትና ዝግጅት ነው።

➤ እዝነት ዕውቀት ሲጎድላት

ቪዲዮውን ስናይ ሥራው ማጠብ ብቻ ይመስለናል። ዘይት የነካትን ወፍ ያገኘ ሰውም መጀመሪያ የሚያስበው ቶሎ ወስዶ ማጠብ ነው። ባለሙያዎቹ የደረሱበት ግን ሌላ ነው፤ የደከመችን ወፍ ወዲያው ማጠብ ሊገድላት ይችላል።

ለምን? ወፍን ከውሃ የሚጠብቃት የላባዋ ቅባት ብቻ አይደለም። ዋናው የላባው አሠራር ነው። ጥቃቅን ዘንጎች በመንጠቆ እርስ በርስ ተቆላልፈው፣ እናቶቻችን አጥብቀው እንደሚሰፉት ሙዳይ፣ ውሃ የማያሳልፍ ልብስ ይሆናሉ። ዘይት ሲነካው ስፌቱ ይፈታል። ቀዝቃዛው ውሃ ቆዳዋ ጋር ይደርሳል፤ ሙቀቷን ታጣለች። ብርዱን ሸሽታ ወደ የብስ ስትወጣ ደግሞ ምግቧ ባሕር ውስጥ ቀርቷል። ላባዋን ለማጽዳት በምንቃሯ ስታበጥር ዘይቱን ትውጣለች፤ አንጀቷ፣ ጉበቷ፣ ኩላሊቷና ደሟ ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ማዕከል ስትደርስ በርዷት፣ ተርባ፣ የሰውነቷ ፈሳሽ አልቆ ነው።

ሕክምናውም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ሙቀት። ቀጥሎ በቱቦ ፈሳሽና ምግብ። ደሟ ይመረመራል። ስትጠነክር፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሞቅ ባለ ውሃና በሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ትታጠባለች፤ ውሃው ሲጠቁር ወደ ሌላ ገንዳ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። ከሁሉ የሚከብደው ማለቅለቁ ነው። የቀረ ሳሙና ልክ እንደ ዘይቱ ስፌቱን ይፈታዋል። ከዚያ ደርቃ፣ ገንዳ ውስጥ እየዋኘች ላባዋን ራሷ መልሳ ትሠራለች። ውሃ የማያስገባት መሆኑ ሳይረጋገጥ አትለቀቅም። ስትለቀቅም መለያ ይደረግላታል፤ በሕይወት መኖሯንና መራባቷን ለዓመታት የሚከታተሉ አሉና።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሙስሊም የዘገቡት የኢህሳን ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢህሳንን እንደደነገገ ካስተማሩ በኋላ፣ በእርድ ላይ እንኳ ቢላን መሳልና እንስሳውን ማሳረፍ እንዳለብን ነገሩን። ስናርድ ሥራውን አሳምረን እንድንሠራ ከታዘዝን፣ ስናድንማ እንዴት? የወፏ ሁኔታ ሳይጠና በደስታ ብቻ ውሃ ውስጥ መንከር ኢህሳን አይደለም። ምርምሩ ራሱ የኢህሳን አካል ነው።

➤ የተቃዋሚዎች ሐሳብ

ፍትሐዊ ለመሆን፣ "ይህ ሥራ አያዋጣም" የሚሉት እኛ ብቻ አይደለንም። ከሳይንቲስቶቹም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ብራያን ሻርፕ የተባለ ተመራማሪ በሰሜን አሜሪካ ታጥበው የተለቀቁ የባሕር ወፎችን መረጃ አጥንቶ ብዙዎቹ ከተለቀቁ በቀናት ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። በ1989 አላስካ ላይ "ኤክሶን ቫልዴዝ" ነዳጅ ስታፈስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ለዳነ የባሕር ኦተር ከ80,000 ዶላር በላይ ወጥቷል፤ በዚያው አደጋ የሞቱት የባሕር ወፎች ግን 250,000 ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል።

ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። እንደ ወፉ ዓይነት ውጤቱ ይለያያል። ፔንግዊን ጠንካራ ነው፤ ከታጠቡት መካከል ብዙዎቹ ለዓመታት ኖረው ተራብተዋል፤ ጫጩት አሳድጎ ለባሕር በማብቃት ግን ዘይት ካልነካቸው ያንሳሉ። ሌሎች ወፎች ደካሞች ናቸው። የማይድን ፍጡር ሥቃዩን ማሳጠር ይፈቀዳል ወይ የሚለው ጥያቄም አለ፤ እሱን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ። ደግሞም ከዘይት የዳነው የአፍሪካ ፔንግዊን ዛሬ ዓሣው እያለቀበት ተርቧል። በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል፤ የቀሩት ከ10,000 ጥንድ በታች ናቸው። ባሕሩን ባዶ አድርገን ወፉን ብናጥበው ትርፉ ምንድነው?

እኔ ከትችቱ የወሰድኩት ትምህርት "አትጠቡ" የሚል አይደለም። "ከማጠብ በፊት ያለውን ሥሩ" የሚል ነው። በኬፕታውን ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ እኮ ያልተነከሩትን 19,500 ከዘይቱ ማራቅ ነበር።

➤ የአባታችን የመን

አሁን ወደ በረንዳችን ልመለስ። አባታችን ያነሷት የመን ናት። የመን ውስጥ፣ ከሁደይዳ በስተሰሜን፣ "ሴፈር" የተባለች አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ በጦርነቱ ሳቢያ ለዓመታት ሳትጠገን ቆማ ነበር። ያ "ኤክሶን ቫልዴዝ" ካፈሰሰችው አራት እጥፍ ነው። ብትፈነዳ ወይም ብትሰነጠቅ የቀይ ባሕር ኮራልና ወፎች ብቻ አልነበሩም የሚጎዱት። የዕርዳታ እህል የሚገባበት የሁደይዳ ወደብ ይዘጋ ነበር፤ ዓሣ አስጋሪዎች እንጀራቸውን ያጡ ነበር። የጽዳቱ ወጪ 20 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገምቶ ነበር። በመጨረሻ መንግሥታትና ድርጅቶች፣ ተራ ሰዎችም ጭምር ገንዘብ አዋጥተው፣ የተባበሩት መንግሥታት ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 11 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አዛወረው። አልሐምዱሊላህ!

እንግዲህ አስተውሉ። ያቺ መርከብ ፈስሳ ቢሆን ወፏን የሚገድላት ዘይትና ሕጻኑን የሚያስርበው ዘይት አንድ ዘይት ነበር። ወፏ ያለችበትን ባሕር የጠበቀ ሰው የየመንን ሕጻን ጉሮሮም ጠብቋል። አባታችን ተፎካካሪ አድርገው ያዩዋቸው ሁለቱ በአንድ ጀልባ ላይ ነበሩ።

ቀይ ባሕር ለእኛም ሩቅ አይደለም። መኪናችን የሚጠጣው ነዳጅ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው በባሕር ነው። ልጆቻችን በጀልባ ሲሻገሩ ስንቱ እንደቀረባቸው እናውቃለን። ነዳጁን የምንጠቀም ሰዎች ሲፈስ "አይመለከተንም" ልንል አንችልም።

➤ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ፔንግዊን የለንም። ወንዝ ግን አለን። ከመስጂዳችን በታች የሚወርደው ወንዝ አንዳንድ ቀን ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይዞ ያልፋል። የመድረሳ ልጆች "ያምራል!" ይላሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው።

አንደኛ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ሹፌሮች፣ መካኒኮች፦ አሮጌውን ዘይት ቱቦ ውስጥ አትድፉት። በበርሜል አጠራቅሙት፤ የሚገዛም አለ። ሌሎችን መጉዳት ሐራም መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ከታች ያለችው ላምና አትክልት የሚያጠጣው ገበሬ "ሌሎች" አለመሆናቸውን ማን ነገረን?

ሁለተኛ፣ ዱዓቶችና ኢማሞች፦ በሱረቱ ሩም የተጠቀሰውን፣ በየብስና በባሕር ላይ በሰዎች እጅ ሥራ ምክንያት የተገለጠውን ጥፋት፣ በኹጥባችሁ አንሱልን።

ሦስተኛ፣ ወላጆች፦ ልጃችሁ "የእንስሳት ሐኪም እሆናለሁ" ወይም "ስለ ወፍ አጠናለሁ" ሲል አትሳቁበት። ኒያው ካማረ የውሻውን ጥም ያረካው ሰው መንገድ ላይ ነው።

እኚያን አባት ትናንት አግኝቼ ስለ "ሴፈር" መርከብ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡና "ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሳላውቅ ስለነበር ነው አባቴ።

አላህ እዝነትን ከዕውቀት ጋር ይስጠን፤ በእጃችን ያበላሸነውን በእጃችን የምናስተካክል ያድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።