ማግለልና የንስሐ ምስጢር

በቦንጋም ሆነ በመላው ካፋ ዞን ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ፣ ማለትም በፍቅር ወደ ራሱ ፆታ የሚሳብ አማኝ፣ ማንነቱን ሳይደብቅ የሚጸልይበት ጉባኤ ማግኘት ይቸግረዋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግብረ ሥጋን በእስራት የሚቀጣ ሲሆን፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የክርስትናና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ሕገ መንግሥታዊ ክልከላ ጠይቀዋል።

ማግለል ለካፋ እንግዳ አይደለም፤ በአደን ይታወቅ የነበረው የማንጆ ማኅበረሰብ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርብ ለረጅም ዘመን ተከልክሎ ኖሯልና፣ ያንን ያወገዘ ሰባኪ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ማግለል ሲያጸድቅ መስማት ያስገርማል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ዶግማ የሊቃውንት ድርሻ ቢሆንም፣ የንስሐ አባት፣ ይኸውም የምእመኑን ኑዛዜ የሚሰማ ካህን፣ ምስጢር መጠበቅ ነባር ግዴታው ነው፤ በዚሁ መንፈስ የቦንጋ ካህናት፣ ፓስተሮችና ሼኾች ከእንዲህ ያለ አማኝ በአደራ የሰሙትን ለቤተሰብም ለጎረቤትም አሳልፈው አይስጡ።