በአማካይ ላይ አትፈርሙ

ለቢቸናና ለሞጣ የሙያ እኩዮቼ፤

ዕድሜያችንን በውኃና በፍሳሽ ሥራ ፈጅተን ወደ ቀያችን የተመለስን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ፎቅ በቆመ፣ መንገድ በተቆፈረ ቁጥር "እስኪ ምከሩን" እያሉ ይጠሩናል። ሂዱ፣ ምከሩ። አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብሞት ግን አፈሩ ይከብደኛል፤ የቱቦ ምርመራ ነጥብን በአማካይ አስልታችሁ አትፈርሙ።

ስሌቱን ታውቁታላችሁ። ካሜራው ከማንሆል እስከ ማንሆል ይሄዳል፤ ያየው ጉድለት ሁሉ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ቀላል ነው፤ 5 የወደቀ ወይም ለመውደቅ የደረሰ። በአንድ መስመር ላይ ዘጠኝ የ1 ጉድለትና አንድ የ5 ስብራት ተገኘ እንበል። ድምሩ 14፣ ለአሥር ሲካፈል 1.4። ይህን ያየ አለቃ "ደኅና ነው፣ ለከርሞ ይቆይ" ይላል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከአማካዩ ጎን አጭር ቁጥር የሚያስጽፈው ለዚህ ነው፤ ያው መስመር በዚያ 5119 ይባላል፤ አንድ 5፣ ዘጠኝ 1። እንግሊዞቹ ደግሞ ደረጃውን የሚቆርጡት በከፋው ሜትር ነው፤ የአንዱ ሜትር ነጥብ 165 ከደረሰ፣ የቀረው ንጹሕ ቢሆን እንኳ መስመሩ 5ኛ ደረጃ ነው።

በ1.4 የፈረመ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። በሐምሌ መንገዱ ጋሪ ከነፈረሱ ዋጠ። ሰው አልሞተም፤ ይህ ግን በእኔ ብልሃት አይደለም።

አማካይ እንደሚያታልል የሞጣ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይገባ ነበር። ዓባይን ወደ በጌምድር የምንሻገርበት የፋሲለደስ ዘመን ድልድይ በጣሊያን ጊዜ የተቆረጠው አንድ ቅስቱ ነው፤ ሌሎቹ ቆመው ነበር። ደምረን ብናካፍል ድልድዩ "መልካም" ይወጣው ነበር፤ ሰው ግን ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ሕዝቡ ስም ሲያወጣለት "ሰባራ ድልድይ" አለው እንጂ "አብዛኛው ደኅና" አላለውም።

የቢቸናዎች ፈተና ደግሞ ዋልካው ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ የተቀበረውን ቱቦ በየዓመቱ መገጣጠሚያው ላይ ይነቀንቀዋል። በከፈተው ቀዳዳ ባሕር ዛፍ ሥሩን ይሰዳል። ውኃ ሰርጎ የሚገባበትን መገጣጠሚያ በነሐሴ ታዩታላችሁ፤ በጥር ግን ደረቅ ነውና ካሜራው ዝም ብሎ ያልፈዋል። መገጣጠሚያው ያው መገጣጠሚያ፣ ወሩ ግን ሌላ።

ከሁሉ የባሰው ካሜራው ያልደረሰበት ነው። በ60 ሜትር መስመር 22ኛው ሜትር ላይ ደለል አግዶት ቢመለስ፣ በቀረው 38 ሜትር የተመዘገበ ጉድለት ስለሌለ ስሌቱ እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል። ያገደው ራሱ የተደረመሰ ቱቦ ቢሆንስ?

"እኛ አገር አብዛኛው ፍሳሽ ወደ ጉድጓድ ነው፣ ይህ የአዲስ አበባ ጣጣ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። በመንገዶቻችን ሥር ግን የጎርፍ ቱቦ ተቀብሯል፤ ከፎቁ ወደ ሴፕቲክ ታንክ የሚወርደውም ቱቦ ነው። ቢሰበር የሚያመልጠው ፍሳሽ ቁልቁል ወደ ምንጩ ነው የሚሄደው።

ወጣቶቹ ቅጹን ይዘው ሲመጡ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን የመጨረሻ ቁጥር በእጃችሁ ሸፍኑት። መጀመሪያ "ካሜራው ስንተኛው ሜትር ላይ ቆመ?" በሉ፤ ቀጥሎ "በየትኛው ወር?"። ከዚያ 5 የተጻፈበት ሜትር ድረስ በእግራችሁ ሂዱና ከላዩ የማን ቤት፣ ከታቹ የማን ምንጭ እንዳለ እዩ። ያ ቦታ እስኪቆፈር ድረስ ብዕራችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።