የፊተኛው መኪና ሹፌር

ኅዳር ሲጠባ የቃሊቲ ጋራዦች መልካቸውን ይለውጣሉ። ከርመው ከተሳቢና ከሲኖትራክ ጋር ሲታገሉ የነበሩት መካኒኮች ላንድ ክሩዘር ሥር መተኛት ይጀምራሉ። የደናክል ጉዞ ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ ሰው አያስጠጋም። መኪናው ከመውረዱ በፊት ባሌስትራው ይፈታል፣ የላላው ብሎን ይጠብቃል፣ የራዲያተሩ ቱቦ ይለወጣል፣ ፖርቶ መጋላው ይበየዳል። ጎሚስታው ተቀያሪዎቹን ጎማዎች ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልጋል። ሹፌሩ ሻይ ቤት ገብቶ ሥራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። እያንዳንዱን ብሎን በገዛ እጁ ካልነካ አያምንም፤ በረሃ መሃል የሚያጠብቅለት ሌላ ሰው የለምና።

ስለ ኤርታ አሌ እሳትና ስለ ዳሎል ቀለማት ብዙ ተጽፏል፤ ገና ብዙም ይጻፋል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ዛሬ የምጽፈው ሰውን ወደዚያ ስለሚያደርሱትና በሰላም ስለሚመልሱት ሰዎች ነው። ደናክል ላይ የሰው ሕይወት የሚጠበቀው በመኪናው ብርታት አይደለም። በፊተኛው መኪና ሹፌርና አጠገቡ በተቀመጠው የአፋር መንገድ መሪ ነው። ከጉዞው ሰዎች ሁሉ ጥበቃ በመጨረሻ የሚደርሳቸው ግን እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

መንገዱ የሚነሳው ከደጃችን ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ በ2007 ዓ.ም. ወደተከፈተው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይገባል። ከዚያ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ። እስከዚህ ድረስ ሹፌሩ ብቻውን አይደለም፤ ከጅቡቲ ጭነት ከሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች ጋር ሲተላለፍ ይውላል። ከሰመራ ወዲያ ሰርዶ ታልፎ ወደ አፍዴራ ሲታጠፍ አገሩ ይለወጣል። አገራችን የምትበላው ጨው ትልቁ ድርሻ የሚመረተው እዚያ ሐይቅ ዳር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ የተነሳ ሰው አሁን ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ወርዷል። ጆሮው ይደፈናል፣ ውኃው ይሞቃል፣ ወሬው ይቀንሳል።

በዳሎል ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነበር። ይህ የቀትሩ ሙቀት እንዳይመስላችሁ፤ ሌሊቱም፣ ክረምቱም፣ በጋውም ተደምሮ የወጣ አማካይ ነው። ሰው በሚኖርበት የምድር ክፍል ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው መሆኑ በሰፊው ይነገራል። እንዲህ ባለ ቦታ የተበላሸ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እርዳታ መጠበቅ የሰዓታት ጉዳይ እንጂ የቀናት ጉዳይ አይደለም። ሹፌሮቹ አንድ መኪና ብቻውን አይገባም የሚሉት ለዚህ ነው። አንዱ አሸዋ ውስጥ ቢቀረቀር ሌላው በገመድ ይስበዋል፤ ሞተር ቢሞት ሰዉ ወደ ሌላው ይዛወራል።

የኮንቮይ ሥርዓቱን በቅርብ ያላየ ሰው መኪኖች ተከታትለው መሄዳቸው ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ግን ያለው መስታወቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሹፌር ኃላፊነቱ ከፊቱ ላለው ሳይሆን ከኋላው ላለው መኪና ነው። አቧራው እንዳያሳውረው ርቀቱን ጠብቆ ይነዳል፤ ዓይኑን ግን ከመስታወቱ አይነቅልም። ከኋላው ያለው መኪና ከጠፋበት ይቆማል። እሱ ሲቆም ከፊቱ ያለው እሱን ከመስታወቱ ያጣውና ይቆማል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መቆሙ ፊተኛው መኪና ዘንድ ይደርሳል። ስልክ በማይሠራበት አገር ያለ ስልክ የሚሠራ መልእክት ነው። ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ሹፌር፣ ለምሳሌ ቱሪስቱ ፎቶ ላንሳ ብሎት ሳያሳውቅ ከመስመር የወጣ፣ ማታ ሰፈር ላይ ከባልደረቦቹ የሚጠብቀው ቁጣ ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። ወደ ኤርታ አሌ በሚወስደው መንገድ አሸዋና ላቫ ይፈራረቃሉ። አሸዋው ሲቀርብ ሹፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን ያስተነፍሳል፤ ጎማው ተነጥፎ አሸዋውን በሰፊው እንዲረግጥ ነው። ላቫው ሲመጣ ደግሞ በኮምፕረሰር መልሶ ይሞላል፤ የተነፈሰ ጎማ ጎኑን ለዚያ ስለታም ድንጋይ ከሰጠ አለቀለት። ቱሪስቱ በነዚህ እረፍቶች ፎቶ ያነሳል። ሹፌሩ በዚያ ፀሐይ ከአራቱ ጎማዎች ሥር ይንበረከካል፤ ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል በጨርቅ ይዞ ነው የሚሠራው። የጨው ሜዳው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከላይ ሲታይ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ነው፤ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ባረፈበት ሰሞን ግን ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው። የት ጋ እንደሳሳ መኪናው አያውቅም። ሹፌሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያውቅም። የሚያውቀው አጠገቡ የተቀመጠው አፋር ነው።

በአንድ ጉዞ ላይ ፊተኛው መኪና ውስጥ የመቀመጥ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ገና ወጣት የሆነ የአፋር መንገድ መሪ ከሹፌሩ ጎን ነበር። ከሩቅ አንድ ግመል የሚነዳ ሰው ታየ። መሪው በእጁ ብቻ ምልክት ሰጠ፤ ሹፌሩም ያለ አንዳች ጥያቄ ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱ አፋሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላም ተባባሉና ጠጠር ላይ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። አንዱ ሲናገር ሌላው በአጭር ድምፅ እየተቀበለው፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ እየተናገረ፣ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ከኋላችን ያሉት ቱሪስቶች ትዕግሥታቸው አልቆ መውረድ ጀመሩ። እኔም ሹፌሩን «ጋሼ፣ ምነው ቆየ?» አልኩት። «ዳጉ ነው ወንድሜ፣ እሱን አታቋርጥም» አለኝ። መሪው ተመልሶ ሲገባ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በግራ በኩል ያለውን ዱካ ትተን በቀኝ እንድንዞር። ሹፌሩ የመኪናውን መሪ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ።

ዳጉ የአፋር ሕዝብ የወሬ መቀባበያ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን የመነጋገር ግዴታ አለባቸው፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ የት ግጭት አለ፣ የማናውቀው ሰው በየት አለፈ። የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ያላየውን አይቻለሁ የሚል ሰው ክብሩን ያጣል። የዚያን ቀን እኛ ያለፍንበትን መንገድ የመረጠልን ካርታ አልነበረም፤ ከዚያ ግመል ነጂ የተገኘ የተጣራ ወሬ ነው። ሳተላይት አሸዋውን ከላይ ያያል፤ ትናንት ማታ የወረደው ጎርፍ የትኛውን ዱካ እንደቆረጠው ግን ከዳጉ ቀድሞ የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም፤ ዝናው ግን ለሌላ ሲሰጥ ኖሯል። እንግሊዛዊው ኔስቢት በ1920 ዓ.ም. ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ደናክልን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ። አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት አቤ ሐይቅ ወረደ። የሁለቱም መጻሕፍት በዓለም ተነብበዋል። ግመሎቹን የጫኑት፣ የውኃ ጉድጓዱን ያሳዩት፣ ከየጎሣው ጋር ተነጋግረው ያሳለፏቸው ሰዎች ስም ግን ከነሱ ጋር አልዞረም። የአካባቢውን ሰው ፈቃድ ሳይዝ የገባ ምን እንደደረሰበት የስዊዘርላንዳዊውን የሙንዚንገርን ታሪክ ማየት ይበቃል፤ በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር ይዞ ወደ አውሳ ገባ፤ እዚያው ተገደለ።

የቅርቡ ታሪክ ግን የበለጠ ያመኛል። የካቲት 1999 ዓ.ም. ከብሪታንያ ኤምባሲ ጋር የተያያዙ 5 አውሮፓውያን ሐመድ ኤላ መንደር አጠገብ ታፈኑ። ዓለም ሁሉ ስለነሱ ተነጋገረ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተለቀቁ፤ ዜናውም አበቃ። ግን አብረዋቸው የታፈኑ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ 8ቱ ከአውሮፓውያኑ መለቀቅ በኋላም በአፋኞቹ እጅ ቆይተው የተለቀቁት በሚያዝያ ወር ነው። በእነዚያ ሳምንታት የነሱ ቤተሰቦች እንዴት እንዳደሩ የጠየቀ ጋዜጠኛ ስንት ነበር? በጥር 2004 ዓ.ም. ደግሞ ኤርታ አሌ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 5 የውጭ ጎብኚዎች ተገደሉ፤ 2 ጀርመናውያንና 2 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ተወሰዱ። የሟቾቹን ዜግነት እስከ ዛሬ በየጽሑፉ ታገኙታላችሁ፤ ያ ተገቢ ነው። የታፈኑትን ኢትዮጵያውያን ስም ግን የሚነግራችሁ ሰው በቀላሉ አታገኙም። «ሹፌራቸውም አብሮ» እየተባለ ዓረፍተ ነገሩ ይዘጋል።

አደጋው ደግሞ ከታጣቂ ብቻ አይመጣም። ምድሪቱ ራሷ ሕያው ናት። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ። ጥር 2009 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ጎኑን ፈንድቶ ላቫውን አፈሰሰ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በታሪክ መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቀው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ ሄደ። አፍዴራ በአመድ ስትሸፈን ጎብኚዎችና አስጎብኚዎች እዚያው ቀርተው ነበር። ያን ሰሞን ቃሊቲ ውስጥ የአንድ ሹፌር ባለቤት ስልክ በእጇ ይዛ ስትንከራተት አይቻለሁ። የባሏ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። የጉዞው ድርጅት ቢሮ የሚያውቀው የቱሪስቶቹን ስምና የፓስፖርት ቁጥር ነበር፤ መኪናው ውስጥ ከሹፌሩ ጋር የሄደው ምግብ አብሳይ ማን እንደሆነ እንኳ ወዲያው ሊነግራት የቻለ የለም። ሰውየው በሰላም ተመለሰ። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ የሚደውልላት አንድ ሰው አልነበራትም።

ከሰፈሬ ሹፌሮች ጋር ስነጋገር የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። ብዙዎቹ ለአንድ ጉዞ በቃል ተስማምተው፣ በቀን ሒሳብ ይወጣሉ፤ የሚፈርሙበት ወረቀት የለም። መኪናው ኢንሹራንስ አለው፤ ቱሪስቱ ከአገሩ ኢንሹራንስ ገዝቶ መጥቷል። በዚያ ላንድ ክሩዘር ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ የተቀመጡት ሹፌሩ፣ አብሳዩ፣ አፋሩ መሪና ከኋላ ክላሽ ይዞ የተሳፈረው ጠባቂ ናቸው። አንዱ ሹፌር መኪናው ተገልብጦ እግሩ በተሰበረ ጊዜ ድርጅቱ የመጀመሪያውን ክሊኒክ ብቻ ከፈለለት፤ የቀረውን ወራት ያሳለፈው በዕቁብ ገንዘብና በወንድሞቹ ትከሻ ነው። የአፋሩ መሪ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዕቁቡም የለም፤ ፍየሎቹን ይሸጣል።

ደናክልን የዓለም መስህብ ነው እያልን በየኤግዚቢሽኑ ፎቶውን የምንሰቅል ከሆነ ይህን ማስተካከል የእኛው ግዴታ ነው። ወደ በረሃው ለሚገባ ኮንቮይ ሁሉ ፈቃድ ሲሰጥ ሁለተኛ መኪና መኖሩ፣ ሳተላይት ስልኩም በቱሪስቱ ቦርሳ ሳይሆን በፊተኛው መኪና ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። የሠራተኛው ሁሉ፣ የአፋሩ መሪና የጠባቂውም ጭምር፣ የሕይወትና የአካል ኢንሹራንስ ከጉዞው ዋጋ ላይ አብሮ ይከፈል፤ ለዚህ ጉዞ የሚከፍል እንግዳ ያን ጭማሪ አይጠላም፤ ብዙዎቹማ ቢነገራቸው ደስ ይላቸዋል። መንገድ መሪው ዛሬ አይገባም ካለ ድርጅቱም እንግዳውም ሊሽረው አይገባም፤ ያንን ቀን ያጣ እንግዳ ገንዘቡ እንዲመለስለት ውሉ ላይ ይጻፍ። መሪው በገንዘብ ምክንያት አፉ እንዳይያዝ ነው።

ከሁሉ ቀላሉና ነገ ሊጀመር የሚችለው ደግሞ ስም ዝርዝር ነው። ማንኛውም ኮንቮይ ከሰመራ ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስምና የቤተሰቡ ስልክ፣ ከሹፌር እስከ ግመል ነጂ፣ ለክልሉ የቱሪዝም ቢሮ ይሰጥ። መኪኖቹ በተባለው ቀን ካልተመለሱ ቢሮው የእንግዶቹን ኤምባሲ በሚያነጋግርበት ሰዓት ቃሊቲም፣ አፍዴራም ይደውል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ትልቅ በጀትም አያስፈልግም፤ አንድ መዝገብ፣ አንድ ስልክና ተረኛ ሠራተኛ ይበቃል። ኅዳር እስኪመጣ ወራት አሉ።