የዊንዶውስ 10 ድጋፍ መቋረጥና የአሮጌ ኮምፒውተሮች ዕጣ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሥርዓተ ክወና ለ10 ዓመታት ሲሰጥ የቆየው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አብቅቷል። ሥርዓተ ክወና ኮምፒውተር ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣና ሌሎች ፕሮግራሞችን ሁሉ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ነው።

ጉዳዩ ኮምፒውተር ያላቸውን ሰዎች ብቻ የሚመለከት አይደለም። በከተማ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ማመልከቻ ያስጻፈ፣ ውል ያስተየበ፣ የመታወቂያውን ቅጂ ያሳተመ አርሶ አደር መረጃው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የዚያ ኮምፒውተር ደኅንነት የእርሱም ደኅንነት ነው።

ድጋፉ በመቋረጡ ኮምፒውተሩ ሥራ አያቆምም። ከእንግዲህ የሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች ግን በነጻ በሚሰጠው መደበኛ ማሻሻያ አይደፈኑም። አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ግንቦት 2009 ዓ.ም ላይ ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከ150 በላይ አገራት ኮምፒውተሮችን አጥቅቶ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከጥቃቱ 2 ወራት ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው።

ታዲያ ሁሉም ወደ ዊንዶውስ 11 ለምን አይሸጋገርም? ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው ሽግግሩ ነጻ ነው፤ መሣሪያው ግን መስፈርቱን ማሟላት አለበት። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ እና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠየቃል። ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ በዝርዝሩ የሉም። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ የሚሠራ ሰው፣ ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከሽግግሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። ሆኖም በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም ጠፍቶ የሚገኘው ባዮስ በሚባለው የመነሻ ቅንብር ውስጥ ስላልተከፈተ ብቻ ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት ይህን በባለሙያ ማስፈተሽ ተገቢ ነው።

መስፈርቱን ላሟላውም ቢሆን የመጣጣም ችግር ይቀራል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ በመሆኑ ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ የአሮጌ ፕሪንተር ድራይቨር አይቀበልም፤ በጣም የቆዩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችም አይሠሩበትም። በአማርኛ ለሚጽፉ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። የቆየ ውልና ቃለ ጉባኤ ያላቸው ሰዎች ከሽግግሩ በፊት ሰነዱን ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ወይም በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ የፎንቱንም ፋይል መያዝ ይኖርባቸዋል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ ፋይሎችን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ መገልበጥና መከፈታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ የሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ወጪው ቀላል አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ባትሪው ያልሞላ ላፕቶፕ ላይ ሥራውን መጀመር አደገኛ ነው። ከሽግግሩ በኋላ ያልተጣጣመ ነገር ከተገኘ በ10 ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል፤ ፕሪንተሩም ሆነ የሒሳብ ፕሮግራሙ መፈተሽ ያለበት በእነዚህ ቀናት ነው።

መሸጋገር ለማይችሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የተፈቀደው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ነው፤ ዋጋው 30 ዶላር ቢሆንም በማይክሮሶፍት አካውንት የኮምፒውተሩን ቅንብር ባክአፕ ለሚያደርግ ተጠቃሚ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሁለተኛው እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሥርዓተ ክወና መጫን ነው። ይህ አሮጌ ኮምፒውተርን በሥራ ላይ ያቆያል፤ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ አይሠሩበትም።

የኩባንያው ውሳኔ ወጪውንና ድካሙን ወደ ተጠቃሚው አዙሯል፤ ሸክሙም የሚከብደው አሮጌ ዕቃ ጠግኖ በሚጠቀመው ላይ ነው። የተራዘመው ጊዜ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ለዝግጅት የተሰጠ ዕድል ነው። በየከተማው የሰው ሰነድ በአደራ የያዙ አገልግሎት ሰጪዎች ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ኮምፒውተሮቻቸውን ሊያስፈትሹ፣ ተገልጋዩም ሰነዱ የት እንደሚቀመጥ ሊጠይቅ ይገባል።